ነጯና ብርማዋ

የጥፊ ድምፅ አይጠፋኝም። በር በነፋስ ሲጋጭ ሌላ ነው፣ ሳፋ ሲወድቅ ሌላ ነው፣ ጥፊ የሰው ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ሌላ ነው። የዚያን ቅዳሜ ጧት ሴቻ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ አበባ የተጠለፈበት ጨርቅ በለበሰው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ቅባት እያሸሁ ነበር። ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ አንዱ አረፈ። ልጄ አልጮኸችም። ሁለተኛውም አረፈ፤ አሁንም አልጮኸችም። ከዚያ የባሏን ድምፅ ሰማሁ፤ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚያወራው። «ነጯ ትሻላለች አለች! ሰው ፊት! ማን ጠየቀሽ? እኔ መኪና የምገዛው ለእናትሽ ጉልበት ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ከሊል የሚባለው ነጋዴ መጥቶ ነበር። ከታች ሲቀላ ሰፈር ጋቢና ጥጥ በጅምላ የሚሸጥ፣ አልፎ አልፎም ከአዲስ አበባ መኪና እያመጣ የሚያሻሽጥ የስልጤ ልጅ ነው። ሁለት መኪና አስመጥቻለሁ፣ አንዷ ነጭ አንዷ ብርማ፣ ነገ ጧት አይታችሁ ምረጡ አለ። ልጄ አገኘሽ እራት እያቀረበች ፎቷቸውን ስልኩ ላይ አየችና «ነጯ ትሻላለች፤ መርገጫ አላት፤ እማ ስትወጣ ጉልበቷን አያማትም» አለች። ያለችው ይቺን ብቻ ነው። እኔም እሰይ የኔ ልጅ ብዬ መረቅኳት። ባሏ ብርሃነመስቀል ያን ጊዜ ሥጋውን እያኘከ ፈገግ አለ። ለካ የምርቃቴን ምላሽ ለጧት አሳድሮላት ኖሯል።

ከደጋው ከጨንቻ የወረድኩት ለጉልበቴ ሐኪም ፍለጋ ነው፤ ከመጣሁ ሳምንት አልሞላኝም። የመጣሁ ዕለት ከዓይኗ ስር ጠቁሮ አይቼ ምን ሆነሽ ነው ብላት ባጃጅ ነው እማ፣ ገጨኝ አለችኝ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ሞኝ አይደለሁም። ባጃጅ እግር ይሰብራል፣ ወገብ ይሰብራል፤ ዓይን ስር መርጦ የሚመታ ባጃጅ ግን አላየሁም። ሆኖም የሰው ትዳር ነው፣ ዓይኔን ልክፈት ብዬ ቆየሁ። የዚያን ቀን ጆሮዬም ተከፈተ።

ብርሃነመስቀል ፀጉሩን ተቀብቶ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ብቅ አለ። የሰሜን ሰው ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ለሰው ከወንበሩ የሚነሳ፣ ለቀብር ቀድሞ የሚደርስ። ሰፈሩ ሁሉ ጨዋ ይለዋል። እኔን በአፉ አንቱ ይለኛል፤ ልጄን በእጁ አንቺ ይላታል።

«እንዴት አደሩ እማማ? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ጉልበቴ ደህና ነው። አንተ እጅህን ምን ሆነህ ነው የምታሸው?»

«በር መታኝ።»

«የዚህ ቤት በርና ባጃጅ ጉድ ነው» አልኩት።

ሳቀ። የምሬን መሆኑን ያወቀ ሰው አሳሳቅ ነበር፤ ቶሎ ወጥቶ ግቢውን ማስጠረግ ጀመረ። እኔ ከዘራዬን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። አገኘሽ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ተከናንባ ዳቦ እየቆረጠች ነው።   ዳቦው ተቆርጦ አለቀ፣ እሷ ግን ባዶውን ጣውላ መቁረጥ አላቆመችም። ነጠላውን ገለጥኩት፤ ከንፈሯ ከውስጥ ተተርትሯል፣ ጆሮዋ ስር የቀለበቱ ቅርፅ አለ። ያን ቀን ከዚያ ቤት ካላወጣኋት ሁለተኛ በእግሯ ስትሄድ እንደማላያት ገባኝ። ሄጄ ብከስስ? የሚሰማኝ ሰው ማታ ማታ ከሱ ጋር ቢራ የሚጠጣው ነው።

በጋሞኛ «ልብስሽን ከኔ ቋጠሮ ጋር ቋጥሪው። ዛሬ ትሸኚኛለሽ፤ አትመለሺም» አልኳት።

«እማ፣ መንገድ ላይ ይገድለኛል።»

«እዚህስ ምን እያደረገሽ ነው? እያሳደገሽ?»

 ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ መኝታ ቤት ሄደች።

ከሊል ነጯን እየነዳ፣ ወንድሙ ሚፍታ ብርማዋን እየነዳ ግቢ ገቡ። ሚፍታ ቁልፉን ሰጥቶ ሱቅ ልክፈት ብሎ በባጃጅ ወረደ። ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቆሟቸው፤ ኮፈናቸው ተከፈተ፤ እንደ ገበያ በሬ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ነጯ ቪታራ ነች አለኝ ከሊል፣ ብርማዋ ራቭ ፎር። እኔ በሬ ገዝቼ አውቃለሁ፤ መኪናም ያው ነው፣ እግርና ሆድ ማየት ነው። ዞርኳቸው። ነጯ ቁመቷ መለል ያለ፣ ትርፍ ጎማዋን እንደ ልጅ ጀርባዋ ላይ ያዘለች፣ በሁለት ጎኗ የብረት መርገጫ ያላት ነች። ማርሿ በእጅ ነው፤ አንዲት ትንሽ ዘንግ ሲጎትቷት አራቱም ጎማ ይጎትታል አሉ። ብርማዋ ሰፋ፣ ዝርግ፣ ለስለስ ያለች ነች። ማርሽ ቀይሩልኝ አትልም፤ ወደ ኋላ ስትሄድ ኋላዋን በመስኮት የምታሳይ፤ ወንበሯ ላይ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም። ትርፍ ጎማዋን ሆዷ ስር ደብቃለች።

«እውነቱን ንገረኝ ከሊል፣ የቱ ናት?» አለ ብርሃነመስቀል።

«ወላሂ ጌታው፣ ሁለቱም በኔ እጅ ናቸው፣ ለማንኛዋም አላዳላም። ብርማዋ ለከተማ ናት፤ ቤንዚን ትቆጥባለች፣ ስትነዳት እንቅልፍ ይወስድሃል። ነጯ ትንሽ ትጠጣለች፤ ዳገትና ጭቃ ላይ ግን ወንድ ናት። መለዋወጫ የሁለቱም ሲቀላ ይገኛል፤ ባይገኝ ሻሸመኔ አለ። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። እንግዲህ ሰው የሚመርጠው በሚሄድበት መንገድ ነው። የናንተ መንገድ የት ነው?»

«እኔ ጭቃ ውስጥ ምን ላደርግ? እኔ እኮ ገበሬ አይደለሁም» አለና ዓይኑን ወደ አገኘሽ ላከ። ልጄ በረንዳው ላይ የሻይ ሳህን ይዛ ቆማለች። ከሊል ነገሩን አላወቀ፤ እሱም ዞሮ «እመቤቲቱስ? ማታ ነጯን ወደሽ አልነበር?» አላት።

 አገኘሽ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ «እሱ የወደዳትን» አለች። ከከንፈሯ እብጠት የተነሳ ቃሉ ሙሉ ሆኖ አልወጣም። ከሊል አያት፤ ቀጥሎ የባሏን እጅ አየ፤ ቀጥሎ ጫማውን አየ። ሻዩን ሳይጠጣ መለሰ።

«ብርማዋን!» አለ ብርሃነመስቀል። «ሴት ያልመረጠችውን መምረጥ ነው፣ አትሳሳትም።» እጁን ዘረጋ። ከሊል ትንሽ ቆይቶ መዳፉን መታው፤ በነጋዴዎች ወግ መዳፍ ከተመታ ሽያጭ አለቀ ማለት ነው፣ ወረቀቱ የሰኞ ነው። «ያንተ ናት» አለ ከሊል። «ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ብትወልድም ብትሞትም ያንተ ናት።»

ቀዳዳዬን አገኘሁ። «እንግዲህ አዲስ መኪና የገዛ ሰው» አልኩት፣ «አማቱን በአውቶቡስ አይመልስም። ቤቴ አድርሰኝ። አገሬው ይይህ፤ ልጄም ትሸኘኝ።» ኩሩ ሰው በኩራቱ ነው የሚታሰረው፤ ደረቱ ሲነፋ አየሁት። ከሊልም «እኔም ጨንቻ ሸማኔዎች ዘንድ የማነሳው ጋቢ አለ፣ በነጯ ከኋላ እከተላችኋለሁ» አለ። የጋቢ ቀን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያየውን አይቶ ነው። ብርማዋ መርገጫ የላትም። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ብርሃነመስቀል ክንዴን ይዞ እንደ ጆንያ ገፍቶ ከተተኝ። ቋጠሮዬን አቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ አገኘሽ ከፊት።

ሲቀላን አልፈን የኩልፎን ወንዝ ድልድይ ተሻገርን። ሙዝ የጫኑ የአህያ ጋሪዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ እሱ ጡሩንባውን እየነፋ፣ «ይዩ እማማ፣ ድምፅ የላትም እኮ! ሞተሯ መኖሩን ትሰማለሽ አገኘሽ?» ይላል። አገኘሽ በመስኮት ታያለች። ስለ ሙዝ ዋጋ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ስለ ቤንዚን መወደድ አወራ፤ እውነት ነው አልኩት። ሰው ከገዳዩ ጋር ተቀምጦም ስለ ዋጋ ያወራል። አስፋልቱን ለቀን የዶርዜን ዳገት ስንጀምር ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ግራው ተራራ፣ ቀኙ ገደል፣ ከገደሉ ግርጌ ሐይቁ። በመታጠፊያዎቹ ብርማዋ ደህና ወጣች፤ በመኪናዋ አልፈርድም። ነጯ ከኋላችን ቀስ እያለች ትከተለናለች።

አንዱ ኃይለኛ መታጠፊያ ላይ ቋጠሮው ከእቅፌ አምልጦ ወለሉ ላይ ተፈታ። ከውስጡ የአገኘሽ ቀሚስ፣ የአገኘሽ የቤተ ክርስቲያን ነጠላ ወጣ፤ አንዱ ጫማዋ እየተንከባለለ ሄዶ እሱ እግር ስር ቆመ። ጫማውን አየ። በመስታወቱ እኔን አየ። ፍሬን ሳይዝ፣ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ የቀኝ ክንዱን አወናጭፎ በቡጢው ጀርባ አፏን መታት። ደሟ ላስቲኩ ላይ ተረጨ። «ወንበሩን!» ብሎ ጮኸ። ልጄን ሳይሆን ወንበሩን አለ! ደግሞ መታት። «ልትኮበልይ! በኔ መኪና! ወንበሩን አየሽው!»

እኔ ከዘራ ይዣለሁ። የወይራ ነው፤ ያባቴ ነበር። ከኋላ ሆኜ በሁለት እጄ አንገቱ ላይ አሳረፍኩበት። መኪናዋ ወደ ገደሉ ሄደች፣ ወደ ተራራው ተመለሰች፣ ተንቀጥቅጣ ቆመች። በሩን ከፍቶ ዞረ፤ ልጄን በፀጉሯ ጎትቶ መሬት ጣላት፣ በጫማው ጎኗን ረገጣት፣ ሆዷን ረገጣት። እኔ ከዚያች መርገጫ ከሌላት መኪና ስወርድ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ጭቃ ላይ እየዳህኩ እግሩን ያዝኩት። እኔንም ረገጠኝ። ከሊል ከነጯ ዘሎ መጥቶ «ጌታው! በአላህ!» እያለ መካከላቸው ገባ፤ ብርሃነመስቀል በግንባሩ አፍንጫውን መታው፣ ደም በሸሚዙ ወረደ፤ ከሊል ግን አልለቀቀም። እኔ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ ኡኡ አልኩ። ያ ዳገት ኡኡታን ያመላልሳል።

ከመንገዱ በላይ ዱቡሻ አለ፤ ሽማግሎቻችን ተቀምጠው የሰው ጉዳይ የሚያዩበት ሜዳ። ቅዳሜ ስለነበር ተቀምጠው ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ዳልጮም መካከላቸው ነበር። ሲወርዱ አየኋቸው። የሮጠ የለም። እየወረዱ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር ርጥብ ሳር ነጩ፤ ሳሩን ዘርግተው ይዘው ከመኪናዋ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። በኛ አገር ሽማግሌ ርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ የደም ጥል ይቆማል። ልጁ የተገደለበት ሰው ጦሩን ያወርዳል። ሳሩን አልፎ የሚሄድ የለም፤ ከሄደም እሳት የሚጭርለት፣ ውሃ የሚያቀብለው፣ ሬሳውን የሚሸከም አያገኝም።

ዳልጮ «ልጄ፣ በሳሩ፤ እጅህን ሰብስብ። ተቀመጥና እንነጋገር» አለው።

ብርሃነመስቀል ይህን ሳር ያውቀዋል። በበዓል ቀን ከሽማግሎች ጋር ሳር ይዞ፣ የኛን ባለ ቀለም ልብስ ደርቦ ፎቶ የተነሳ ሰው ነው፤ ፎቶው ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል። ጌጥ መስሎት ነው እንጂ! «ይሄን ቲያትራችሁን ለእንግዳ አሳዩት» አለ። አገኘሽን «ግቢ!» አላት። ልጄ ሆዷን ይዛ እየተሳበች ሄዳ ከሽማግሎቹ ኋላ፣ ከሳሩ ወዲያ ተቀመጠች።  «ግቢ ብያለሁ!» አላየችውም። መኪናው ውስጥ ዘሎ ገባና በሩን ዘግቶ ነዳባቸው።

ሽማግሎቹ ወዲህና ወዲያ ተንከባለሉ፤ አንዱ አገኘሽን አቅፎ ተንከባለለ። ዳልጮ ግን አልተነሳም። ግትር ነው፣ ከልጅነቱም ግትር ነበር። የመኪናዋ ጥግ ትከሻውን መትቶ አሽቀነጠረው፤ አጥንቱ ሲሰበር እንጨት ሲሰበር የሚወጣውን ድምፅ ሰማሁ። ጎማው ሳሩን ረግጦ አለፈ። አልፎም ብዙ አልሄደም፤ በንዴት ነዳጅ እየረገጠ ሳሙናው አፈር ላይ ሲጠመዝዝ ተንሸራቶ በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ በጎኑ ገባ። ነጯም ብትሆን፣ በሬም ቢሆን እንደዚያ ከተነዳ ይገባል።

ያ ቦይ መኪና ገብቶበት ያውቃል። ሲገባ ሰው ተጠርቶ አይመጣም፤ ሸማኔው መወርወሪያውን፣ ገበሬው ማረሻውን ጥሎ ይሮጣል፤ ሆ ብሎ በትከሻው ያወጣዋል። አሁንም ሰው ሮጠ። ግን ወጣቶቹ እየሮጡ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ያነሱ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ የኋላ መስታወቷን አወረደው። ሁለተኛው ኮፈኗን ጎደጎደው። አንዱ መጥረቢያ ይዟል። ብርሃነመስቀል ወደ ላይ በቀረው መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሲያያቸው ፊቱ አመድ ሆነ፤ አንዱ ድንጋይ ቅንድቡን ከፈተው፤ ያ የተቀባ ፀጉሩ በደም ተለጠፈ። «እማማ! እማማ ወለቴ! በያቸው እንጂ!» አለኝ። ተጨንቆ አንቱታውን ረሳው።

በእጄ ድንጋይ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ልኬ ነበር፣ መዳፌን ሞልቶት ነበር። ከእሱ እስከ እኔ ያለው ርቀት ለአሮጊት ክንድም ይበቃል። የት እንደማሳርፈው መርጬ ነበር፤ ጆሮው ስር፣ ልጄ ላይ ቀለበቱን ያተመበት ቦታ።

ዳልጮ ተነሳ። ግራ ክንዱ ከትከሻው እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብሎ በደህና እጁ ከጭቃው ውስጥ ያንኑ ሳር አነሳው፤ የተረገጠውን፣ የጎማው ጥርስ ያለበትን። እየተንገዳገደ ሄዶ በወጣቶቹና በቦዩ መካከል ቆመ። ፊቱን ወደ ወጣቶቹ አዙሮ ተንበረከከ። ሌሎቹም ሽማግሎች መጥተው አጠገቡ ተንበረከኩ። ዳልጮ ሳሩን ብቻ ዘረጋ።

መጥረቢያ የያዘው መጀመሪያ ጣለ። ከዚያ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ጭቃው ላይ ወደቁ። እኔም ጣልኩ። ይቅር ብዬው አይደለም፤ ማንም እንዳይሳሳት። ሳሩን ፈርቼ ነው፤ የወንድሜን ጉልበት ጭቃ ውስጥ አይቼ ነው።

ከዚያ በኋላ ድንጋይ የወረወረበት የለም፤ ትከሻ ያዋሰውም የለም። ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ከመንገዱ ወዲያ ቆመ። «ለያንዳንዳችሁ እከፍላለሁ፣ አውጡኝ!» አለ፤ ውሃ ለጠየቀ ሰው ያህል እንኳ የዞረለት አልነበረም። ከሊል ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ዳልጮን አቅፎ ወደ ነጯ ወሰደውና ከፊት አስቀመጠው። «ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አለ። አገኘሽ በራሷ እግር መጣች። መርገጫዋ ላይ ወጣችና ዞራ እጇን ሰጠችኝ። እኔም መጥፎውን እግሬን ብረቱ ላይ አስቀምጬ፣ ከዘራዬን ተደግፌ፣ እጇን ይዤ ወጣሁ። ጉልበቴን አላመመኝም ብል ውሸት ነው። ግን ወጣሁ፤ የገፋኝ ሰው አልነበረም።

«ከሊል!» አለ ከቦዩ ውስጥ። «ገመድ አለህ አይደል? ጎትተኝ! መኪናው እኮ ገና ያንተ ነው፣ ይጠፋል!»

ከሊል ነጯን አስነስቶ መስኮቱን አወረደ። «ጧት መዳፍ ተመታተናል ጌታው። ብትወልድም ብትሞትም ያንተ ናት። ገመድ ደግሞ የለኝም።»

ገመዱ እግሬ ስር ነበር፤ ወፍራም፣ አዲስ፣ ሁለት ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው። አገኘሽም አየችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ገመዱን ሸፈነችውና፣ እግሯን ላዩ ላይ አሳርፋ በመስኮት ወደ ሐይቁ ማየት ጀመረች።